አርባ ጀሪካን

ላስ ፓካያስ፣ ሆንዱራስ
ማርች 2 ቀን 2008

ልጄ ዴልሚራ፣

በሰው አገር ደክመሽ የምትገቢበትን ቤት እመቤታችን ትጠብቅልሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? እኔና ኦቲሊያ ደህና ነን፤ ዶሮዎቹም ሳይቀሩ ደህና ናቸው። አባትሽ ለእኔ የአክስት ልጅ ቢሆንም ከአንድ ሳህን በልተን ያደግን ነን። እሱ ካረፈ ወዲህ አንቺንና ወንድምሽን ኖልቤርቶን እንደ ልጆቼ ነው የማያችሁ፤ ስለዚህ ሳላሳምር እጽፍልሻለሁ።

ዘይቱ ወጥቷል። ያ ፍየል እንኳ የማይቀምሰው የአጥራችን ቁጥቋጦ፣ ፒኞን፣ ፍሬው ተለቅሞ ደርቆ፣ አንቺ ከጂሮና ምእመናን ለምነሽ በላክሽልን መጭመቂያ ገብቶ ማክሰኞ ዕለት ወፍራም ቢጫ ዘይት ሆኖ ወረደ። ሊቀመንበር የሆንኩበት ማኅበር ሃያ ሁለት አባወራ ዙሪያውን ቆሞ ያይ ነበር። ዶን ሲሪያኮ፣ ይህ ሥራ ገና ሲታሰብ ጀምሮ አይሆንም እያለ የሚሟገተኝ፣ ጣቱን ነክሮ አሸተተና «ኤቫሪስቶ፣ አጥራችንን ጨምቀህ ስትጨርስ ከብቱን ራስህ ቆመህ ትጠብቅልናለህ?» አለኝ። ሰዉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ልቤ ግን አልሳቀም። ናፍጣ ከተወደደ ወዲህ ወፍጮአችን በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ነው የሚሠራው። በቀሩት ቀናት ሴቶቹ በቆሎ ተሸክመው የሁለት ሰዓት መንገድ ይወርዳሉ። ወፍጮው በዚህ ዘይት ካልዞረ የማፍረው እኔ ነኝ።

አሁን የቀረው ዘይቱን ወደ ነዳጅ የሚለውጠው ፈሳሽ ነው፤ ያ ሜታኖል ያልሽው። ክፍያውን እንደጨረስሽ የሳን ፔድሮው ነጋዴ ነግሮኛል፤ ዝናብ ሳይገባ እልካለሁ ብሏል። አንቺ ዘጠኝ ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማርሽ ሰው ነሽ። እኔን እንደ ደካማ ተማሪ ቁጠሪኝና አሠራሩን በቀላሉ ጻፊልኝ።

ኖልቤርቶ ሰላም ይልሻል። መጠጥ ካቆመ ሁለት ዓመት አለፈው። ሥራ ይፈልጋል፤ ሰው ግን ገና አላመነውም።

አጎትሽ ኤቫሪስቶ


ጂሮና፣ ስፔን
ማርች 24 ቀን 2008

ለተከበሩ አጎቴ ለዶን ኤቫሪስቶ፣

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ሰጥቶ ለሁላችንም ያቆይዎት። ለዶኛ ኦቲሊያ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። እኔ ያው ሴኞር ናርሲስን እያስታመምኩ ነው፤ ዘጠና አንድ ዓመት ሆነው። ደብዳቤዎን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የዶን ሲሪያኮን ነገር ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።

አሠራሩን በሌላ ወረቀት ጽፌ አያይዤዋለሁ። እዚህ የምጽፈው ግን ከአሠራሩ ይበልጣልና እባክዎ ቀስ ብለው ያንብቡት። ሜታኖል ሲያዩት አረቄ ነው። ሲያሸቱትም አረቄ ነው። የጠጣው ሰው ያን ዕለት የሰከረ ብቻ ይመስለዋል፤ በማግስቱ ዓይኑ ይጠፋል፣ ወይም ይሞታል። ለዚህ ደግሞ ጥቂት ይበቃል። ስለዚህ ሰው በሚበላበት ወይም በሚጠጣበት ዕቃ በፍጹም እንዳይገባ። ሰማያዊ ቀለም ልኬያለሁ፤ በርሜሉ ገና እንደደረሰ ይጨምሩበት። ነዳጁን አያበላሸውም፣ አይፍሩ። ተቆልፎ ይቀመጥ፣ የገባውና የወጣው ይመዝገብ። ከጎደለም ለመንደሩ ሁሉ ይነገር።

ሌላም የምለምንዎት አለ። የመጋዘኑን ቁልፍ ለኖልቤርቶ ይስጡት። ሰው እስካሁን «ጠርሙሱ» እያለ እንደሚጠራው አውቃለሁ፤ የምለምንዎትም ለዚሁ ነው። ጽሑፉ ጥሩ ነው፣ ቁጥር አይሳሳትም። እርስዎ ካመኑት ሌላውም ያምነዋል። ኃላፊነቱ በእኔ ይሁን።

አክባሪዎ ዴልሚራ


ላስ ፓካያስ
ጁን 6 ቀን 2008

ልጄ ዴልሚራ፣

እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ። ለዚህ መንደር ያደረግሽውን እግዚአብሔር በጤና ይክፈልሽ። ዛሬ የምጽፍልሽ በደስታ ነው።

ነጋዴው ዘገየና በርሜሉ ከዝናቡ ጋር አብሮ መጣ። መኪናው መሻገሪያው ላይ ሲደርስ ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ ሾፌሩ አንድ እርምጃ አልሄድም አለ። እዚያው አውርዶ ሊመለስ ሲል እኔ መላ ፈጠርኩ። ሁለት መቶውን ሊትር በአርባ ጀሪካን ገለበጥነው። አምስት በቅሎ ተከራይቼ፣ ስምንት ስምንት ጭነን፣ በላይኛው ጠባብ መንገድ ዞረን ገባን። ቀኑን ሙሉ ዘነበብን። ኖልቤርቶ መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ተረከበ፤ በዚያ በሚያምር ጽሑፉ መዝገቡ ላይ «አርባ» ብሎ ጽፎ ፈረመ። የላክሽው ቀለምም ደርሶኛል።

እሁድ ስብሰባ ነበር። ዶን ሲሪያኮና ጓደኞቹ ሥራው ይቅር ሊሉ ተዘጋጅተው ነው የመጡት። መዝገቡን አንስቼ ከሳን ፔድሮ የተነሳው ሁለት መቶ ሊትር፣ ወንዝ ሞልቶም፣ አንድ ሳይጎድል እንደገባ አነበብኩላቸው። ሥራው እንዲቀጥል በአንድ ድምፅ ተወሰነ። ትናንት ደግሞ ወፍጮው በራሳችን ነዳጅ ዞረ። ጭሱ የጥብስ ሽታ አለው፤ ሴቶቹ በቆሎ ሊያስፈጩ መጥተው ራበን እያሉ ሲሳሳቁ ዋሉ።

የሚቀጥለው ሳምንት የቅዱስ አንቶኒዮ በዓል ነው። ዘንድሮ ቀና ብዬ የምሄድበት በዓል ነው።

አጎትሽ ኤቫሪስቶ


ጂሮና
ጁን 24 ቀን 2008

ለተከበሩ አጎቴ፣

በዓሉን በደስታና በጤና እንዳሳለፋችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ወጥ ቤት ቆሜ አለቀስኩ። የወፍጮውን ሽታ ለሴኞር ናርሲስ ስነግረው እሱም ራበኝ አለ።

አንድ ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። አርባ ባዶ ጀሪካን መሻገሪያው ላይ በአንድ ቀን ከየት ተገኘ? እዚያ ያለው የዶኛ ኤልቪያ ሱቅ ብቻ ነው፤ እሷም የምትሸጠው አረቄ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ቀለሙስ ገባበት? «ደርሶኛል» ብቻ ነው የጻፉልኝ። ምናልባት እንዲያው በከንቱ እየተጨነቅሁ ይሆናል፤ ቢሆንም ሁለቱን ይመልሱልኝ።

ኖልቤርቶንም በራሱ እጅ ሁለት መስመር ጻፍልኝ ይበሉት።

አክባሪዎ ዴልሚራ


ላስ ፓካያስ
ኦገስት 3 ቀን 2008

ልጄ ዴልሚራ፣

ቸሩ አምላክ ከአንቺ ጋር ይሁን። ሳልጽፍልሽ ዘገየሁ፤ ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት ነበር። በቆሎው ጥሩ ነው። ቦሎቄው በውኃ ተበላሽቷል። ኦቲሊያ ትንሽ አሟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል።

የምትችይ ከሆነ ጥቁር መነጽር ላኪልኝ፤ የወንድ ይሁን፣ ከጎንም ብርሃን የማያስገባ። ደግሞም እዚያ አገር ያሉ የዓይን ሐኪሞችን ጠይቂልኝ። መስታወቱ ሳይሆን ከኋላ ያለው ነርቭ የተጎዳ ዓይን ይመለሳል? ወጣት ሰው ከሆነስ?

ሜታኖል ሌላ እንዳታዢ። ሥራው ለጊዜው ቆሟል። ስለ ጀሪካኖቹ የጠየቅሽኝን ሌላ ጊዜ እመልስልሻለሁ።

ደብዳቤውን የሚወስደው ሰው ቆሞ ስለሚጠብቀኝ አሳጠርኩ።

ኤቫሪስቶ


ጂሮና
ኦገስት 20 ቀን 2008

ለአጎቴ ለዶን ኤቫሪስቶ፣

ሰላም ለቤትዎ ይሁን።

መነጽሩን ዛሬ ልኬዋለሁ። የዓይን ሐኪም መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ መልሱን ለተማሪዎቼ ዘጠኝ ዓመት ሳስተምረው ነው የኖርኩት። አይመለስም። ዓይኑ የጠፋው ማን ነው?

ስለ ወንድሜ አንድ ቃል የለም። ሁለት ገጽ የሚጽፉ ሰው ስለ ቦሎቄ ጽፈው ስለ ኖልቤርቶ ዝም ሲሉ፣ የሴኞር ናርሲስን ሾርባ ደረቱ ላይ ደፋሁበት። ከዚያ ወደ ዶኛ ኤልቪያ ሱቅ ደወልኩ። መስመሩ በአራተኛው ሙከራ ተገኘ። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት። ኖልቤርቶ እንዴት ነው ስላት «ታስሯል። ሌላውን አጎትሽን ጠይቂ» ብላ ዘጋችው። መልሼ ብደውል አላነሳችም።

እንግዲህ ገብቶኛል። ጠጥቷል ወይም ሸጧል። ቁልፉን ስጡት ብዬ የለመንኩዎት እኔ ነኝ፤ ኃላፊነቱም በእኔ ይሁን ብዬ በእጄ ጽፌያለሁ። ያን ወረቀት ካላቃጠሉት ያስቀምጡልኝ። ምእመናኑ እሁድ እሁድ ሥራው እንዴት ሆነ እያሉ ይጠይቁኛል፤ ዝናብ ነው እላቸዋለሁ።

ስንት ሰው ነው? ስማቸውን ይጻፉልኝ። ቤተሰቦቻቸውን አውቃቸው ይሆናል፤ ልጆቻቸውን አስተምሬም ይሆናል። ኖልቤርቶስ ሲይዙት ምን አለ?

ዴልሚራ


ላስ ፓካያስ
ሴፕቴምበር 9 ቀን 2008

ልጄ ዴልሚራ፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ሊሰማሽ የሚገባውን ደብቄሻለሁ። የቅዱስ አንቶኒዮ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሜዳው ላይ ነበር። ቶሪቢዮ፣ የሃሲንታ ባል፣ ከአማቹ ከላሳሮና ጊታር ከሚጫወተው ከሩፊኖ ጋር ዛፍ ሥር ተቀምጠው ከአንድ ጀሪካን ሲጠጡ ሁላችንም አይተናል። እኔም በአጠገባቸው አልፌያለሁ። ሩፊኖ «ዶን ኤቫሪስቶ፣ ይቅመሱ እንጂ፣ የዛሬው ያለ ዋጋ ነው» ብሎኝ ነበር። ጨጓራዬን ብዬ አለፍኩ።

በማግስቱ ቀትር ላይ ሦስቱም ያስመልሳቸው ጀመር። ሩፊኖ ሚስቱን «ቤቱ ውስጥ ጉም የገባው ከየት ነው?» አላት። በቃሬዛ ተሸክመን ወጣን። ላሳሮ መሻገሪያው ሳይደርስ ሞተ። ቶሪቢዮ ሆስፒታል በር ላይ። ሩፊኖ ተረፈ፤ ምንም አያይም። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። መነጽሩ ለእሱ ነው፤ ገና አልደረሰም።

ጀሪካኑ ቶሪቢዮ ግቢ ተገኘ። ፖሊሶች መጥተው መጋዘኑን አስከፈቱ፤ ሙሉውንም ባዶውንም ቆጠሩ። ሠላሳ ዘጠኝ። መዝገቡ አርባ ይላል፤ ቁልፉም በአንድ ሰው እጅ ነበር። ሰዉ «ጠርሙሱ ነው የሸጠላቸው» አለ። በዚያው ወሰዱት።

ምን አለ ብለሽ ጠይቀሻል። የራሱን ቃል ሰጥቷል። እኔም የተጠየቅሁትን መልሻለሁ።

ጸልዪልን።

ኤቫሪስቶ


ጂሮና
ሴፕቴምበር 27 ቀን 2008

ለአጎቴ ለዶን ኤቫሪስቶ፣

የላሳሮንና የቶሪቢዮን ነፍስ ይማር። ሃሲንታን በስሜ ያጽናኑልኝ። ትልቋ ልጇ ተማሪዬ ነበረች።

ከደብዳቤዎ ጋር በአንድ ቀን የኖልቤርቶ ደብዳቤ ከእስር ቤት ደረሰኝ። አራት መስመር ነው። ጤነኛ እንደሆነ፣ መጠጥ እንዳልቀመሰ ጽፎልኛል። ከዚያ እንዲህ ይላል፦ «አጎታችንን ከበቅሎዎቹ ላይ ስንት ጀሪካን እንዳወረድኩ ጠይቂው። ካልመለሰልሽ ተይው፣ ሽማግሌ ነው።»

እኔ ግን አልተወውም። ስንት ነው አጎቴ?

ዴልሚራ


ላስ ፓካያስ
ኦክቶበር 19 ቀን 2008

ልጄ ዴልሚራ፣

የምመርቅበት አፍ የለኝም፤ ምርቃቱን ከሌላ ሰው ተቀበዪ።

ሠላሳ ዘጠኝ ነው።

መሻገሪያው ላይ አርባ ብዬ ቆጥሬ ጫንኩ። መጋዘኑ ጋ ኖልቤርቶ አውርዶ ቆጠረ፤ እንደገና ቆጠረ፤ ወደ እኔ ዞሮ «ሠላሳ ዘጠኝ ነው ዶን ኤቫሪስቶ፣ አንድ መንገድ ላይ ቀርቷል፣ ልሂድና ልፈልገው» አለኝ። እኔ በስብሼ ነበር፣ ደክሞኝ ነበር፣ እሁድ ደግሞ ስብሰባው ነበር። ዶን ሲሪያኮ ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል በጆሮዬ ሰማሁት። «አርባ ብለህ ጻፍ። ገደል ገብቶ ፈሷል፣ ማን ያገኘዋል» አልኩት። አልጽፍም አለኝ። ያኔ ወንድምሽን እንዲህ አልኩት፦ «ይህን ቁልፍ ማን እንደሰጠህ አትርሳ።» ጻፈ።

ጀሪካኖቹን የገዛሁት ከዶኛ ኤልቪያ ነው፤ አረቄ የሚሞላባቸው ናቸው፣ አላጠብናቸውም። ቀለሙ ቤቴ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ሞተሩን ያበላሽብናል ብዬ ፈርቼ ያልሽውን አልሰማሁሽም።

ፖሊሶቹ ሲመጡ ኖልቤርቶ እኔን አየኝ። «እሱ ይንገራችሁ» አላቸው። የቡድኑ አለቃ ስንት እንደገባ ሲጠይቀኝ መዝገቡ ላይ ያለው ነው አልኩ። ሌላ አልተናገርኩም። በኋላ ለራሴ ስነግረው የኖርኩት፣ ምናልባት ሌላ ጀሪካን ሸጦላቸው ይሆናል፣ የጠፋውማ ገደል ገብቷል የሚል ነበር። ይህን አምኜ አራት ወር በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ቅዳሴ ሄድኩ።

መነጽሩ ሲደርስ ለሩፊኖ ወሰድኩለት። ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር። በእጁ ዳሰሰው፣ አደረገውና አመሰገነኝ። ስለዚያ ቀን ጠይቄው አላውቅም ነበር፤ ያን ዕለት ራሱ ነገረኝ። ቶሪቢዮ ጀሪካኑን ሲያመጣ እየሳቀ «ወንዝ ነው የሰጠኝ፣ ከላይኛው መንገድ ሥር አሸዋው ላይ ተኝቶ አገኘሁት» ብሏቸው ነበር። ሩፊኖ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አላወቀም፤ እንደ ዋዛ ነው የነገረኝ። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ የምደበቅበት አጣሁ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ በሦስተኛው ቀን ነው።

ያለፈው እሁድ በስብሰባው ፊት ቆሜ ሁሉን ተናገርኩ። ዶን ሲሪያኮ አቀርቅሮ ነበር። ሃሲንታ ግን ከኋላ ተነስታ መጣች። «ስንት ቀን ነው?» አለችኝ። አልገባኝም። «ጀሪካኑ ከጠፋ እስከ በዓሉ ስንት ቀን ነው?»

«አሥራ ስድስት» አልኳት።

«በአሥራ ስድስት ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ ጠፍቶብኛል፣ መርዝ ነው ቢሉን ኖሮ፣ ቶሪቢዮ ራሱ ተሸክሞ ያመጣልዎት ነበር።» ይህን ብላ ወጣች። ጮኻ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ከተማ ወርጄ ለዐቃቤ ሕጉ ቃሌን ሰጠሁ። ሩፊኖም እጁን ይዤው መጥቶ የሰማውን ተናገረ። የኖልቤርቶ መፈታት ጥቂት ሳምንት ይወስዳል ብለዋል። የእኔ ክስ ይቀጥላል፤ በዕድሜዬ ምክንያት እስከዚያ በየዓርቡ እየሄድኩ እፈርማለሁ።

ይቅርታ አልጠይቅሽም። የምጠይቅሽ ወንድምሽን እንድታምኚው ብቻ ነው።

ኤቫሪስቶ


ጂሮና
ኖቬምበር 7 ቀን 2008

ለዶን ኤቫሪስቶ፣

ደብዳቤዎን ለሴኞር ናርሲስ አላነበብኩለትም። ለምእመናኑ ግን ሁሉንም ነገርኳቸው።

ወንድሜን ሳልጠይቀው ፈረድኩበት። ይህ የእኔ ነው፣ በእርስዎ አላመካኝም። ስለ እርስዎ ምን እንደምል ግን አላውቅም፤ ሳውቅ እጽፍልዎታለሁ።

ኖልቤርቶ የሚወጣ ቀን በሩ ላይ የሚጠብቀው ሰው ይኑር። እኔ ሩቅ ነኝ፤ ከእርስዎ ሌላ የምልከው ሰው የለኝም።

ዴልሚራ


ላስ ፓካያስ
ኖቬምበር 30 ቀን 2008

ልጄ ዴልሚራ፣ እንደዚህ ልጥራሽና ካላስደሰተሽ ሰርዢው።

ኖልቤርቶ ረቡዕ ተፈታ። እንዳልሽኝ ከጠዋት ጀምሮ በሩ ላይ ቆምኩ። ኦቲሊያ የበቆሎ ቶርቲያና የተጠበሰ አይብ ቋጥራልኝ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ወጣ። ከስቷል፣ ፀጉሩን አጭር ተቆርጧል፣ ጤነኛ ነው። አየኝ። ለመናገር ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝና ምግቡን ዘረጋሁለት። ተቀበለኝ፤ ግንቡ ሥር ተቀምጦ ግማሹን በላ፤ ግማሹን በጨርቁ ጠቅልሎ መለሰልኝ። «እርስዎም አልበሉም» አለኝ።

የመንደሩን ልንገርሽ። ወፍጮው ቆሟል፤ ሴቶቹ እንደ ድሮው በቆሎ ተሸክመው ይወርዳሉ። ከሊቀመንበርነቴ አውርደውኛል፤ ተገቢ ነው። ባለፈው እሁድ መጭመቂያው ይሸጥ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። የተቃወመችው ሃሲንታ ናት። ባሌ ፒኞኑን ሲለቅም ነው የከረመው፣ በጋ ሲሆን በርሜሉ ራሱ ይግባ፣ ቀለሙም በእኛ ፊት ይጨመር አለች። ከመኸር በኋላ ይወሰናል። ኖልቤርቶን ትመለሳለህ ወይ ብለው እንዲጠይቁት ሁለት ሰው መርጠዋል። ምን እንደሚመልስ አላውቅም። ራሱ ይጽፍልሻል፤ ወረቀትና ፖስታ በኦቲሊያ እጅ ልኬለታለሁ።

ያን ቀን ወደ ቤት የተመለስነው በአውቶቡስ ነው፤ ውኃው ስለጎደለ አሁን እስከ መንደሩ ይገባል። ሰው ሞልቶ ነበር። እኔ ቀድሜ ገብቼ ለሁለታችን ቦታ ያዝኩ፤ እሱ ገብቶ አየኝና ከበሩ አጠገብ ብረቱን ይዞ ቆመ። አንዲት ሴት «ቦታ እኮ አለ፣ ሽማግሌው ይዘውልሃል» አለችው። አመስግኗት ቆመ። ሦስት ሰዓት ተኩል ነው መንገዱ። መሐል ላይ የሚወርዱ ወረዱ፣ የሚሳፈሩ ተሳፈሩ። ሰዉ እኔንም እሱንም እያየ ያልፋል እንጂ ማንም አልተቀመጠበትም። ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶውን መንደራችን ገባ።

ኤቫሪስቶ